በአቅርቦት ሰንሰለት ውስጥ የሰብአዊ መብትና የአካባቢ ስጋትን እንዴት መለየትና መቀነስ ይቻላል

ሥራው የሚጀምረው ከግዢ ክፍሉ መዝገብ ነው። ባለፈው ዓመት ክፍያ የተፈጸመላቸውን አቅራቢዎች በሙሉ ዘርዝሩ፤ በእያንዳንዱ ስም አንጻርም የሚያቀርበውን ዕቃ፣ የሚመረትበትን አገርና የጥሬ ዕቃውን ምንጭ ጻፉ። ለዚህ ተራ የኤክሴል ሰንጠረዥ ይበቃል። ውድ ሶፍትዌር ከመግዛታችሁ በፊት በራሳችሁ እጅ ብትሞሉት እመክራለሁ፤ ባዶ የቀሩት ሳጥኖች የትኛውን የሰንሰለቱን ክፍል እንደማታውቁት ያሳዩአችኋል።

ቀጥሎ ቅድሚያ የሚሰጠውን ለዩ። የተባበሩት መንግሥታት የሰብአዊ መብቶች ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ2011 ያጸደቃቸው የንግድ ሥራና የሰብአዊ መብቶች መርሆዎች ጉዳቱ ምን ያህል እንደሚከብድ፣ ስንት ሰው እንደሚነካና ከደረሰ በኋላ ሊታረም መቻል አለመቻሉን እንድንመዝን ይጠይቃሉ። ሚዛኑ በሰው ላይ የሚደርሰው ጉዳት እንጂ ኩባንያው የሚያጣው ገንዘብ አይደለም። ስለዚህ ክሮም በተባለ ኬሚካል ቆዳ የሚያለፋና ፍሳሹን ሳያጣራ ወደ ወንዝ የሚለቅ አቅራቢ፣ ከእርሱ የምትገዙት ጥቂት ቢሆንም፣ ከዝርዝሩ አናት መቀመጥ አለበት።

አስቸጋሪው እርምጃ እውነቱን ማወቅ ነው። እኔ ሥራውን በጀመርኩበት ዓመት ለአቅራቢዎች ሁሉ መጠይቅ ላክሁ፤ ሁሉም የጉልበት ብዝበዛ እንደሌለ መለሱልኝ፣ እኔም ያንኑ በሪፖርቴ ጻፍሁ። ከወራት በኋላ አንዱ አቅራቢ ትእዛዛችንን ለማናውቀው ወርክሾፕ አሳልፎ እንደሰጠና በዚያ የሚሠሩት ስደተኞች ሥራውን ለማግኘት ለደላላ ለመክፈል የተበደሩትን ገንዘብ ገና እየመለሱ እንደነበር ደረስሁበት። መጠይቅ የሚነግራችሁ አቅራቢው ምን መልስ እንደሚጠበቅበት ማወቁን ብቻ ነው።

የምስክር ወረቀትም ብቻውን አያስተማምንም። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2012 በፓኪስታኗ ካራቺ ከተማ ተቃጥሎ ከ250 በላይ ሰዎች ያለቁበት የልብስ ፋብሪካ ዓለም አቀፍ የሥራ ሁኔታ የምስክር ወረቀት ያገኘው ከቃጠሎው ጥቂት ሳምንታት በፊት ነበር።

ስለዚህ ሠራተኞችን ከግቢው ውጭ፣ በቋንቋቸው፣ አለቃ በሌለበት አነጋግሩ። የምታነጋግሯቸውን ሰዎች ሥራ አስኪያጁ እንዲመርጥ አትፍቀዱ፤ የተናገሩት በስማቸው ተለይቶ ወደ እርሱ እንዳይደርስም አስቀድማችሁ አረጋግጡ። ፓስፖርታቸውን ማን እንደያዘ፣ ለመቀጠር ስንት እንደከፈሉ፣ ባለፈው ሳምንት ስንት ሰዓት እንደሠሩ፣ የአደጋ ጊዜ በሩ በሌሊት ፈረቃ ይቆለፍ እንደሆነ ጠይቁ። ከዚያም ያዘዛችሁትን ብዛት ከማሽኖቹና ከሠራተኞቹ ቁጥር ጋር አስሉ፤ ስሌቱ የማይገጥም ከሆነ ወይ ሥራው ሌላ ቦታ ይሠራል፣ ወይ ሰዎቹ ከሰዓታቸው በላይ ይሠራሉ። ለፍሳሽ ማጣሪያም የኤሌክትሪክ ቆጣሪውን ንባብ እዩ፤ ማጣሪያው የሚሠራው እንግዳ ሲመጣ ብቻ ከሆነ ከፍጆታው ይታወቃል። ከፋብሪካው በታች ወንዙን የሚጠቀሙትንም ጠይቁ።

ጥፋት ስታገኙ የራሳችሁን የግዢ ውል መርምሩ። ከላይ የጠቀስሁት አቅራቢ ሥራውን ለማናውቀው ወርክሾፕ ያስተላለፈው እኛ ዋጋውን ሳንጨምር የማስረከቢያውን ቀን ስላሳጠርንበት ነበር። በዚህ ሁኔታ ከአቅራቢው ጋር ቀን የተቆረጠለት የማስተካከያ ዕቅድ አውጡ፣ ከወጪውም ድርሻችሁን ውሰዱ። ውሉን ወዲያው ማቋረጥ ቀላሉ መንገድ ይመስላል፤ ሆኖም ባለዕዳዎቹን ሠራተኞች ያለ ደመወዝ ስለሚያስቀር፣ ሌላው ሁሉ ተሞክሮ ሲያቅት ብቻ የሚወሰድ እርምጃ ነው።

ሠራተኞች በቀጥታ የሚደውሉበት የቅሬታ መስመር ክፈቱ፤ ቁጥሩንም በሚያነቡት ቋንቋ በመኝታና በመመገቢያ ቤታቸው ለጥፉ። ለብዙ ወራት ማንም ካልደወለ፣ ቅሬታ የለም ብላችሁ ከመመዝገባችሁ በፊት ሠራተኞቹ ቁጥሩን ያውቁት እንደሆነ ሄዳችሁ ጠይቁ።