«አንዴ እንድገም» የሚያሰኝ ጌም እንዴት ይመረጣል?

ጎንደር ውስጥ፣ ከፒያሳ ወረድ ብሎ ባለች አንዲት ጠባብ ክፍል ፕሌይስቴሽን አጫውታለሁ። ዘንድሮ ዘጠነኛ ዓመቴ ነው። አራት ቴሌቪዥን፣ ስምንት ጆይስቲክና ግድግዳውን የተጠጋ አንድ ረጅም አግዳሚ ወንበር አለኝ። አዲስ ጌም ሲገባ ልጆቹ ይንጋጋሉ። ሳምንት ሁለት ሳምንት እሱን ብቻ ይጠይቃሉ። ከዚያ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አንዱ «ኧረ በቃ፣ ፔሱን ክፈትልን» ይላል። ሁሉም ተከትለውት ወደ ፔስ፣ ወደ ዱሮው የእግር ኳስ ጌም፣ ይመለሳሉ።

«ምን ጌም ልግዛ?» የሚለኝ ሰው ብዙ ነው። ልጁ ፈተና አልፎለት ሊሸልመው የፈለገ አባት ይመጣል። ከማራኪ ግቢ ተማሪዎች ላፕቶፕ ይዘው ይመጣሉ። ለሁሉም የምነግራቸውን እዚህ ልጻፈው። ብር እንደዋዛ አይገኝም። ለአንድ ወር ደስታ ብቻ መውጣት የለበትም።

ሦስት ጊዜ ተሸነፉ

ከመግዛታችሁ በፊት ተጫወቱት። ጓደኛ ቤትም ይሁን ፕሌይስቴሽን ቤት፣ አንድ ሰዓት ይበቃል። ማሸነፍን ግን መለኪያ አታድርጉ። ሲያሸንፉበት የማያስደስት ጌም የለም። ሦስት ጊዜ እስክትሸነፉ ጠብቁና አፋችሁ ላይ የሚመጣውን ስሙ። «ጆይስቲኩ ነው»፣ «ጌሙ ሸወደኝ» ካላችሁ ተዉት። «ቶሎ አቀበልኩ»፣ «እዚያ ጋ መምታት አልነበረብኝም» ካላችሁ ግን ጌሙ የእናንተ ነው። ጥፋቱ የራስ ከሆነ ሊታረም ይችላል። ሊታረም የሚችል ጥፋት ደግሞ እንቅልፍ ይነሳል።

አባቴ አንድ ቀን ሱቁ መጥቶ ልጆቹ ሲጨቃጨቁ ቁጭ ብሎ አያቸው። ገበጣ ሲጫወት ያደገ ሰው ነው። «እንደኛው ነው» አለኝ። «ጠጠሩን የዘራኸው አንተው ነህ። ማንን ትወቅሳለህ?»

የእኔን ልንገራችሁ። አዲሱ ሚሊኒየም በገባበት ዓመት፣ በ2000 ዓ.ም.፣ ሰፈራችን ውስጥ ፕሌይስቴሽን 2 ያለው አንድ ቤት ነበር። ጌሙ ፔስ 6 ነው። ሕጉ ተሸናፊ ይከፍላል። ታላቅ ወንድሜ ሁልጊዜ ኢንተርን ይወስዳል፤ ምክንያቱም አድሪያኖ አለ። የአድሪያኖ የምት ኃይል 99 ነበር። በግራ እግሩ ከሩቅ ከመታት አለቀ። እኔ ክረምቱን ሙሉ ተሸንፌ ከፈልኩ።

አንድ ቀን ስክሪኑን ትቼ የወንድሜን ጣት ማየት ጀመርኩ። ጠቋሚ ጣቱ አር ዋንን ይነካል፣ ይለቃል፣ እንደገና ይነካል። የእኔ ጣት ግን ጨዋታው ከተጀመረ እስኪያልቅ እዚያው ተጣብቆ ይቀራል። አር ዋን የሩጫ ቁልፍ ነው። ስትሮጡ ኳሷ ከእግር ትርቃለች፤ ስትርቅ ተከላካዩ ይቀድማችኋል። እኔ እየሮጥኩ ኳሷን ለሱ ሳስረክብ ነበር የከረምኩት። በማግስቱ ጣቴን አንስቼ ተጫወትኩ። 1 ለ 0 ተሸነፍኩ። ከዚያ በፊት 4 ለ 0፣ 5 ለ 0 ነበር። ያን ቀን ስከፍል ደስ ብሎኝ ነው የከፈልኩት።

ስለዚህ ፔስ የሚጀምር ሰው ሲመጣ የመጀመሪያ ሳምንት ትምህርቱ ይሄው ነው። አር ዋንን ልቀቁ። በኤክስ አጭር አጭር አቀብሉ። ባለ ሦስት ማዕዘኗን፣ የመሰንጠቂያዋን ኳስ፣ አጥቂው መሮጥ ሲጀምር ብቻ ንኳት። ስትከላከሉ የመሀል ተከላካዩን ከቦታው ጎትታችሁ አታውጡ፤ በአማካዩ አሳድዱ። ምት ላይ ደግሞ ካሬዋን ረግጣችሁ አትያዙ። የምቱን ኃይል የሚያሳየው መስመር ሲሞላ ኳሷ ከአግዳሚው በላይ ትሄዳለች። ይህን ያህል ከለመዳችሁ ሌላው በራሱ ይመጣል። አንድ ጨዋታ 5 ደቂቃ ላይ ይቀመጥ። ከዚያ ከረዘመ የተሸነፈ ሰው ለመድገም አቅም ያጣል።

ልጆቹ ዛሬም አጥብቀው የሚይዙት ፔስ 2013ን ነው። የቡድኖቹን ስም መጠቀሚያ ፈቃድ ስላልነበረው፣ ስሙን የሚያስተካክል ፋይል (ፓች) ካልተጫነበት አርሰናል «ኖርዝ ለንደን» ነው፣ ቼልሲ «ለንደን ኤፍሲ» ነው። ማንም ቅር አይለውም። የአርሰናል ደጋፊው ገብቶ «ኖርዝ ለንደንን አምጣልኝ» ይላል። የፔስ ሠሪው ኮናሚ እ.ኤ.አ. በ2021 ፔስ የሚለውን ስም ትቶ ኢፉትቦል ብሎታል። ፊፋ የሚባለው ተፎካካሪው ጌምም እ.ኤ.አ. በ2023 ስሙ ኢኤ ስፖርትስ ኤፍሲ ሆኗል። እኔ ቤት የሚጫወተው ሰው የሚመለሰው ግን ለስሙ አይደለም። ትናንት 3 ለ 2 ያሸነፈው ልጅ አግዳሚው ወንበር ላይ ስለተቀመጠ ነው።

ለሰው ነው፣ ለቦታ ነው፣ ወይስ ለጸጥታ?

ሁሉም ሰው ለፉክክር አይጫወትም። ይህን ሳይለዩ መግዛት ትልቁ ስህተት ይመስለኛል።

እሑድ እሑድ የሚመጣ አንድ የባጃጅ ሹፌር ደንበኛ አለኝ። ሳምንቱን ሙሉ ከአዘዞ ፒያሳ ሲመላለስ ይሰነብታል። እኔ ቤት መጥቶ የሚከፍተው ሳን አንድሪያስን ነው። ለፕሌይስቴሽን 2 እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣ ጌም ነው። ሚሽኖቹን፣ ጌሙ ሥሩ የሚላቸውን ሥራዎች፣ አይነካቸውም። ብስክሌት ይይዛል፣ ከተማውን ለቆ ይወጣል፣ ቺሊያድ የሚባለውን ተራራ ይያያዘዋል። ጫፉ ላይ ደርሶ ትንሽ ይቆማል። ከዚያ ቁልቁል ይለቀዋል። አንድ ጊዜ «ስትነዳ ውለህ እንደገና መንዳት አይሰለችህም?» አልኩት። «እዚህ ሂድ የሚለኝ ሰው የለም» አለኝ። ገባኝ። እኔም የጎሐን ዳገት ያለ ጉዳይ ወጥቼ ከተማውን ቁልቁል ማየት እወዳለሁ።

እንዲህ ዓይነት ሰው ከሆናችሁ ፈተናው ሌላ ነው። ጌሙን ክፈቱና ሚሽኑን ተዉት። 20 ደቂቃ ዝም ብላችሁ ዙሩ። «ቆይ ያ መንገድ የት ያደርሳል?» ካላችሁ ግዙት። 20 ደቂቃው ከረዘመባችሁ ግን ሚሽኑን ጨርሳችሁ ነው የምትጥሉት። አንድ ነገር ግን ላሳስብ። ሳን አንድሪያስ ለልጆች አይደለም፤ አውሮፓ ውስጥ 18 የሚል ምልክት ነው የተለጠፈበት። እኔ ዘንድ ልጅ ሲጠይቀኝ አልከፍትም።

ሦስተኛው ጸጥታ ነው። እህቴ ነርስ ናት። የሌሊት ተረኛ ሆና አድራ ስትመጣ ጫማዋን አውልቃ፣ ሻይዋን ይዛ፣ ስልኳ ላይ ቴትሪስን፣ ከላይ የሚወርዱ ቅርጾች የሚደረደሩበትን ጌም፣ ትከፍታለች። 15 ደቂቃ ብቻ። ከዚያ ትተኛለች። ቴትሪስን አሌክሲ ፓጂትኖቭ ሞስኮ ውስጥ የሠራው እ.ኤ.አ. በ1984 ነው። ቅርጾቹ 7 ናቸው፤ እያንዳንዱ ከ4 ካሬ የተሠራ። ይኸው ነው ጌሙ። ለምን እንደማትሰለቸው ስጠይቃት «ሌሊቱን ሙሉ ማስተካከል ያቃተኝን እዚህ አስተካክላለሁ» አለችኝ።

ቴትሪስን ለመልመድ ሁለት ነገር ይበቃል። የምትደረድሩት ከላይ ሜዳ ይምሰል፤ ጉድጓድና ጉብታ አታብዙ። አንዱን ዳር ደግሞ ባዶ ተዉና ረጅሟን ዘንግ ጠብቁ። እሷ ስትገባ አራት መስመር አንድ ላይ ይጠፋል። በዱሮው ቴትሪስ መጨረሻ ላይ መሸነፋችሁ አይቀርም። ግን የቱን ቅርጽ የት ስላስቀመጣችሁ እንደሆነ ዓይናችሁ እያየ ነው።

መሥራትና መገንባት የሚወድ ልጅ ካላችሁ ማይንክራፍት ስጡት። ሌላ ብዙ ማለት አያስፈልግም።

ስትገዙ

ያለ ኢንተርኔት መሥራቱን ጠይቁ። እኛ አገር ይሄ ዋና ጥያቄ ነው። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ ነበር። ያኔ ኔትወርክ የሚፈልጉት ጌሞች ስልክ ላይ ተቀምጠው ቀሩ። ኢፉትቦል በነጻ ይገኛል፤ ግን አብዛኛው ነገሩ ያለ ኔት አይሠራም። እነዚያን ወራት ያሳለፍነው በአሮጌ ዲስክ ነው።

ያገለገለ ዲስክ ስትገዙ ብርሃን ላይ ዘንበል አድርጋችሁ እዩት። ከመሀል ወደ ዳር የሄደ ቀጭን ጭረት ብዙ አይጎዳም። ዙሪያውን እንደ ቀለበት የዞረ ጭረት ካያችሁ ግን ተዉት። ገበያ መሀል አንድ ነጋዴ «እኔ ሞክሬዋለሁ» ብሎ ሸጦልኝ፣ ቤት ስደርስ ግማሽ ላይ ተንጠልጥሎ ቀርቷል። እዚያው አስከፍታችሁ ግማሽ ሰዓት ሳትጫወቱበት ብር አትስጡ።

ለወላጆች አንድ ነገር ልጨምር። ለልጁ «አንድ ሰዓት» አትበሉት። «ሁለት ጨዋታ» በሉት። ሰዓት ሲያልቅ ልጁ 1 ለ 0 እየተመራ ሊሆን ይችላል፤ ያኔ ተነስ ስትሉት ለቅሶ ነው። ጨዋታው ሲያልቅ ግን ራሱ ጆይስቲኩን ያስቀምጣል። እኔ ቤት ከመጀመሪያው ጀምሮ በጨዋታ ነው የማስከፍለው። በሰዓት የማስከፍለው እንደ ባጃጁ ሹፌር ያለውን ብቻ ነው።

ከቆያችሁ በኋላ ስትመለሱ

አንድ ዓመት ጌም ያልነካ ሰው ሲመለስ ጣቱ ያስታውሳል፣ ዓይኑ ግን ይዘገያል። ብዙዎች በዚህ ተናደው ይተዉታል። ፔስ ላይ ከባዱ ደረጃ ቶፕ ፕሌየር ላይ የነበራችሁ ከሆነ ወደ ቀለል ያለው፣ ሬጉላር፣ ዝቅ በሉ። ሁለት ቀን እዚያ ቆዩ። ከምታውቁት ሰው ጋርም ወዲያው አትግጠሙ። ሳን አንድሪያስ ላይ ከሆነ የድሮውን ሴቭ፣ ያቆማችሁበትን የተቀመጠ ጨዋታ፣ ክፈቱና ምንም ሳትሠሩ ግሮቭ ስትሪት የሚባለውን ሰፈር ዞር ዞር ብላችሁ እዩት። መንገዱ ይመለስላችኋል።

ሴቭ ካልኩ አይቀር፣ ሳን አንድሪያስ በፕሌይስቴሽን 2 ላይ በራሱ ሴቭ አያደርግም። ቤት ገብታችሁ ራሳችሁ ነው የምታደርጉት። መብራት ደግሞ አይነግርም፤ ድርግም ይላል። ከእያንዳንዱ ሚሽን በኋላ ቤት ግቡ። የፕሌይስቴሽን 2 ሚሞሪ ካርድ 8 ሜጋባይት ብቻ ስለሆነ ሁለት ቢኖራችሁ ጥሩ ነው።

ይህን የተማርኩት ተቃጥዬ ነው። በ2013 ዓ.ም. ፋሲል ከነማ ለመጀመሪያ ጊዜ የፕሪሚየር ሊጉን ዋንጫ ወሰደ። ከተማው እንዴት እንደነበረ የነበረ ያውቀዋል። በዚያ ሳምንት አንድ ደንበኛዬ ፕሌይስቴሽን 3 ላይ፣ ፔስ 2013 ላይ ቡድንና ተጫዋች የሚሠራበት ኤዲት ሞድ ውስጥ ገብቶ የዓፄዎቹን ቡድን መሥራት ጀመረ። ሦስት ቀን ፈጀበት። ቀዩን ማሊያ ሠራ። ተጫዋቾቹን አንድ በአንድ፣ ቁመታቸውን፣ የፀጉር አቆራረጣቸውን፣ የሚመቱበትን እግር ሳይቀር አስገባ። አግዳሚው ወንበር ላይ የተቀመጡት ልጆች «እሱ እኮ ከዚህ ፈጣን ነው! ጨምርለት!» እያሉ ይከራከሩታል። ሲጨርስ መጀመሪያ ያገጣጠምነው ፋሲልን ከባርሴሎና ነበር። ክፍሉ ውስጥ ቆሞ ያላየ አልነበረም።

ሁለት ዓመት ያህል ከዚያ ቡድን በላይ የተጠየቀ ነገር የለም። ከዚያ ማሽኑ ተበላሸና ለጥገና ሰጠሁት። የጠገነው ሰው ሳይጠይቀኝ ፎርማት አድርጎ መለሰልኝ። ቡድኑ ጠፋ። ለልጁ እንዴት እንደምነግረው ቸግሮኝ ሁለት ቀን ዘገየሁ። ስነግረው ዝም አለ። ከዚያ ወንበሩን ስቦ ተቀመጠና ጆይስቲኩን አነሳ። «ማሊያውን መጀመሪያ እንሥራ» አለ። በሁለተኛው ቀን ማታ ጨረሰው።

እናንተ እንዲህ አድርጉ። ፕሌይስቴሽን 3 ላይ ከሆነ ፍላሽ ሰክታችሁ የሴቭ ዳታ ማስተዳደሪያውን ክፈቱ፣ ፋይሉን ምረጡ፣ ኮፒ በሉ። ከአንድ ደቂቃ በላይ አይፈጅም። ለጥገና ከመስጠታችሁ በፊት ደግሞ የግድ አድርጉት። የእኛው ፋሲል አሁን ሁለት ፍላሽ ላይ አለ። አንዱ ሱቁ መሳቢያ ውስጥ ነው፤ ሌላው እናቴ ቤት፣ ቁም ሣጥኗ ውስጥ፣ በመሐረብ ተጠቅልሎ።