የሰፈራችሁን ወንዝ ስታጸዱ እነዚህን ስህተቶች ተጠንቀቁ

ቀበና፣ ቀጨኔ፣ ግንፍሌና ሌሎቹም የአዲስ አበባ ወንዞች ከእንጦጦ በኩል ወርደው፣ ከተማዋን አቋርጠው ወደ አቃቂ ይገባሉ። ከዚያ አባ ሳሙኤል ግድብ፣ ቀጥሎ አዋሽ። በመንገዳቸው ላይ ከብት ይጠጣቸዋል፤ ጎመንና ሰላጣ ይለማባቸዋል። ስለዚህ የሰፈር ሰው ተጠራርቶ ወንዝ ዳር ቆሻሻ ሲለቅም ሳይ ደስ ይለኛል። የሚያሳዝነኝ ያ ሁሉ ድካም በአንድ ዝናብ ሲታጠብ ነው። ሰዉ ሰንፎ አይደለም። ቆሻሻው ከየት እንደመጣና ከወጣ በኋላ የት እንደሚገባ አስቀድሞ ስላልታሰበበት ነው።

የወጣውን ወንዙ አፋፍ ላይ ከምሮ መሄድ

ከሁሉ የከፋው ይሄ ነው። ቅዳሜ ጠዋት ሰፈሩ ነቅሎ ይወጣል። ፌስታሉ፣ ጨርቁ፣ አሮጌ ጫማው በማዳበሪያ ይሞላና አፋፉ ላይ ይደረደራል። “መኪና መጥቶ ይወስደዋል” ተብሎ ሁሉም ወደ ቤቱ። ለመኪናው ግን የነገረው የለም። ማዳበሪያውን ውሻ ይቀደዋል፣ ዝናብ ይመጣል፣ ቆሻሻው ተመልሶ ውሃው ውስጥ ነው።

ቀን ከመቁረጣችሁ በፊት ወረዳ ሄዳችሁ መኪናው የሚመጣበትን ሰዓት ተነጋገሩ። መኪና ካልተገኘ ቀኑን ግፉት። ክምሩ መኪና የሚደርስበት ቦታ ይሁን፤ ከወንዙም ከቱቦ አፍም የራቀ። የሃይላንድ ፕላስቲኩን ለብቻ ለዩት፣ ገዢ አለው። የሚሸጥ ነገር ሜዳ ላይ አይከርምም።

ቱቦ ስትጠርጉም ያው ነው። የወጣው ጭቃ እዚያው ጠርዙ ላይ ተቆልሎ ከቀረ፣ ዝናብ ሲመጣ መልሶ ቱቦውን ይደፍነዋል።

“እናቃጥለውና ይገላግለን” ማለት

የፕላስቲክ ጭስ መርዝ ነው፤ መጀመሪያ የሚተነፍሱት ደግሞ እዚያው ቆመው የሚያጸዱት ናቸው። አመዱንም ጎርፍ ወስዶ ወንዙ ውስጥ ይከተዋል።

ሐምሌ ላይ መጀመር

ክረምት ከገባ በኋላ በጋውን ሙሉ በየቦዩ የተጠራቀመው ቆሻሻ በጎርፍ ተጠርጎ ሄዷል። ወንዙም ሞልቷል፤ ሰው ይወስዳል። ዋናው ሥራ ሚያዝያና ግንቦት ላይ ቢያልቅ ይመረጣል። የሚጀመረውም ከላይ ነው፦ ከሱቁ በር፣ ከጉሊቱ፣ ከታክሲ መያዣው፣ ከመንገድ ቦዩ። ታች ወንዙ ላይ የምታገኙት ፌስታል አብዛኛው ከእነዚህ ቦታዎች የወረደ ነው።

የሚታየውን ብቻ መልቀም

ወንዙን የሚገድለው ፌስታል ብቻ አይደለም። ፌስታሉ ሁሉ ተለቅሞ ውሃው እንደጠቆረና እንደሸተተ የሚቀርበት ቦታ ብዙ ነው። የሽንት ቤት መስመሩን ወደ ወንዝ የለቀቀ ግቢ አለ። የተቃጠለ ዘይት ቦይ ውስጥ የሚደፋ ጋራዥ አለ፤ ዘይቱ የውሃውን ፊት ሸፍኖ አየር ይከለክለዋል። ከቆዳ ፋብሪካ ክሮሚየም የሚባል የቆዳ ማልፊያ ኬሚካል ይወጣል፤ ይሄ በእጅ አይለቀምም፣ በዓይንም አይታይም።

እዚህ ላይ ጓንት ሳይሆን ንግግር ነው የሚያስፈልገው። ጎረቤት ከሆነ በዕድር ሽማግሌዎች በኩል አናግሩት። ብዙ ጊዜ የቸገረው የመምጠጫ መኪና ወጪ ነው፤ ሁለት ሦስት ግቢ ተነጋግሮ መኪናውን በአንድ ቀን ቢጠራ ይቀላል። ድርጅት ከሆነ ግን ሕግ አለ። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ማንኛውም ሰው “ጉዳት ደርሶብኛል” ብሎ ማስረዳት ሳያስፈልገው በበካይ ላይ አቤቱታ እንዲያቀርብ ይፈቅዳል። የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤቱ በ30 ቀን ውስጥ ካልወሰነ ጉዳዩን ፍርድ ቤት መውሰድ ይቻላል። ይህን መብት የሚያውቅ ሰው በጣም ጥቂት መሆኑ ይቆጨኛል። ፎቶ አንሱ፣ ቀንና ሰዓት መዝግቡ፣ አቤቱታውን በጽሑፍ አስገቡ፣ ያስገባችሁበትን ቀን የሚያሳይ ቅጂ ያዙ።

ዳርቻውን መላጨት

“ጽዱ ይምሰል” ተብሎ ሣሩም ቁጥቋጦውም ይመነጠራል። ሥር ነው አፈሩን ይዞ የሚያቆየው፤ ከላይ የሚወርደውን ቆሻሻም የሚያስቀረው እሱ ነው። መካከሉ የተሰካውን ፌስታል ልቀሙ፣ ሣሩን ተዉት።

ሰውን በባዶ እጅ ማሰማራት

ስባሪ ጠርሙስ አለ፣ መርፌ አለ። ወፍራም ጓንትና ቦት ጫማ የሌለው ሰው ውሃው ውስጥ አይግባ። ልጆችን አፋፉ ላይ አታሰማሯቸው፤ መንገድ ዳር ፕላስቲክ ይለዩ። የመታጠቢያ ውሃና ሳሙና ቀድሞ ይዘጋጅ።

ቆሻሻ ሰብሳቢዎቹን መርሳት

በየቤቱ እየዞሩ የሚሰበስቡት ማኅበራት ጉዳዩን ከማንም በላይ ያውቁታል። የትኛው ጥግ ላይ ማታ ማታ እንደሚደፋ፣ ገንዳው በየስንት ቀኑ እንደሚነሳ፣ የትኛው መንገድ ጋሪ እንደማያስገባ እነሱን ጠይቋቸው። አንዳንድ ቤት ቆሻሻውን ወንዝ የሚደፋው ሰብሳቢዎቹ የሚመጡት ሰው ሥራ ላይ እያለ ስለሆነ ነው። በዕድር ስብሰባ አንድ አጀንዳ አስይዛችሁ የሚመጡበትን ሰዓት አብራችሁ አስተካክሉ።