ግጥሙ ከእጅ ሳይወጣ፦ የቅጂ መብት ምዝገባ ለጎጃም ገጣሚያንና ዜማ ደራሲዎች

ቅኔ ተዘርፎ «ይበል!» ከተባለ በኋላ የሰማው ሁሉ ይዞት ይሄዳል። በሕግ ዓይን ግን ያ ቅኔ እስካልተጻፈ ወይም እስካልተቀረጸ ድረስ የቅጂ መብት የለውም። አዋጅ ቁጥር 410/1996 የሚጠይቀው ሁለት ነገር ነው፤ ሥራው ወጥ፣ ማለትም የራስ ፈጠራ፣ መሆኑንና ግዙፍነት ማግኘቱን፣ ማለትም መጻፉን ወይም መቀረጹን። ደብተር ላይ የሰፈረ ግጥም ወይም በስልክ የተቀረጸ የራስ ዜማ ሳይመዘገብም መብቱ አለው፤ ደራሲው በሕይወት እስካለ፣ ካረፈም በኋላ 50 ዓመት ይዘልቃል።

ታዲያ ምዝገባው ለምን? ለማስረጃ። ክርክር ሲነሳ ዳኛ ፊት የሚቀርበው ጥያቄ «ማን ቀደመ?» ነው፤ «ጓደኞቼ ያውቃሉ» ማለት ብቻውን ደካማ መልስ ነው። ስለዚህ ግጥሙን ለድምፃዊ ከመስጠት፣ ዜማውን ለአቀናባሪ በቴሌግራም ከመላክ፣ መጽሐፉን ማተሚያ ቤት ከማስገባት በፊት አስመዝግቡ።

ግጥሙን ከነአዝማቹ ሙሉውን ጻፉ፤ ርዕስና ሐሳብ ብቻ አያዋጣም፣ ሕጉ ሐሳብን አይጠብቅምና። እያንዳንዱን ገጽ ቁጥር ስጡ፣ ቀን ጻፉ፣ ፈርሙ። ዜማውን በክራር ወይም በባዶ ድምፅ ቀርጻችሁ ፍላሽ ላይ ጫኑ፣ ሌላ ቅጂ ቤት ይቅር። ስማችሁ በመታወቂያችሁ ላይ እንዳለው ፊደል በፊደል ይሁን፤ የብዕር ስም ካላችሁ ከጎኑ አክሉ።

ብዙ ጠብ የሚነሳው ድርሻ ሳይለይ ሲቀር ነው። ግጥም፣ ዜማና ቅንብር የየራሳቸው ባለቤት ሊኖራቸው ስለሚችል ማን ምን እንደሠራ ለይታችሁ አስፍሩ። ዜማው አገር የሚያውቀው የእንግጫ ነቀላ ዜማ ከሆነ የኔ ነው አትበሉ፤ የእናንተ የሆነው ያወጣችሁት ስንኝ ነው።

መዝጋቢው አዲስ አበባ የሚገኘው የኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለስልጣን ነው። ከደብረ ማርቆስም ሆነ ከሞጣ ተነስታችሁ ዓባይን ከመሻገራችሁ በፊት ደውላችሁ ቅጹን፣ ክፍያውንና የሚፈለገውን የቅጂ ብዛት ጠይቁ።

የምስክር ወረቀቱ ውልን አይተካም። መብት የሚተላለፈው በጽሑፍ ነው፤ «ለአልበሙ ሰጥቻለሁ» የሚል አንድ መስመር በቂ አይደለም። መዝፈን ብቻ ነው? ዩቲዩብ ላይ መጫንስ? ለማስታወቂያ መሸጥስ? ለስንት ዓመት፣ በስንት ብር? አንድ በአንድ ይጻፍ። ስቱዲዮ ውስጥ አዲስ ስንኝ ከጨመራችሁ ደግሞ ያስመዘገባችሁት የቀድሞውን ብቻ ነውና አዲሱንም ጽፋችሁ፣ ቀን ጥላችሁበት አስመዝግቡ።