አሮጌ የጭነት መኪና ሲገዙ የሻንሲ ቁጥሩ ላይ የሚሠሩ ስህተቶች

ቡና ሊደርስ ሲል ጅማ ውስጥ የጭነት መኪና የሚያፈላልግ ሰው ይበዛል። ከአጋሮ፣ ከሊሙ፣ ከማና ጭኖ አዲስ አበባ የሚያደርስ፣ ዋጋው ብዙ የማይጎዳ አሮጌ አይሱዙ ወይም ፊያት ይፈለጋል። ገዢው መካኒክ ይዞ ይሄዳል። ሞተሩን ያስነሳል፣ ጭሱን ያያል፣ ባሌስትራውን ይፈትሻል፣ ጎማውን በእግሩ መታ መታ ያደርጋል። የሻንሲ ቁጥሩ፣ ማለትም መኪናውን በተሸከመው ዋና ብረት ላይ የተመታው መለያ፣ ግን ለመጨረሻ ይቀራል። አንዳንዴም ጭራሽ ለደላላው ይተዋል።

እኔ ቅደም ተከተሉ መገልበጥ አለበት ባይ ነኝ። የደከመ ሞተር ይታደሳል፣ ያለቀ ጎማ ይቀየራል። ሻንሲው ላይ ያለው ቁጥር ከሊብሬው፣ ከመኪናው የባለቤትነት ደብተር፣ ጋር ካልገጠመ ግን የሚያድነው ጋራዥ የለም። ስም ማዛወር ላይ ይቆማል፣ ዓመታዊ ምርመራ ላይ ይያዛል። መኪናው የተሰረቀ ሆኖ ከተገኘ ደግሞ መኪናውም ገንዘቡም ሊሄድ ይችላል።

ሊብሬውን አስቀድሞ ማንበብ

ከሁሉም የከፋው ስህተት ይህ ይመስለኛል። ሻጩ ሊብሬውን ያወጣል፣ እርስዎ ቁጥሩን ያነባሉ፣ ከዚያ መኪናው ሥር ጎንበስ ብለው «አዎ፣ ያው ነው» ይላሉ። ዓይን የሚያየው የሚጠብቀውን ነው። ቁጥሩን ከወረቀት ይዞ የመጣ ሰው ዝገት የበላውን 3 ያለ ችግር 8 አድርጎ ያነበዋል።

ስለዚህ መጀመሪያ ብረቱን ያንብቡ። ሊብሬው ለጊዜው ሻጩ ኪስ ውስጥ ይቆይ። ከብረቱ ያነበቡትን አንድ በአንድ ይጻፉ። ያልታየዎትን ቦታ ክፍት ይተዉት እንጂ በግምት አይሙሉት። መካኒክዎም ለብቻው አንብቦ ለብቻው ይጻፍ። ሊብሬው የሚወጣው ከዚያ በኋላ ነው። በቴሌግራም የተላከልዎትን የሊብሬ ፎቶም ቢሆን መኪናው ጋ ከመድረስዎ በፊት ደጋግመው አይዩት።

ጭቃው ሳይጸዳ ማየት

በአብዛኛው የጭነት መኪና ላይ የሻንሲ ቁጥሩ የሚመታው በቀኝ በኩል ባለው ረጅም የሻንሲ ብረት ላይ፣ ከፊት ጎማው አካባቢ ነው። ጭቃ ለመያዝ ከዚህ የተመቸ ቦታ የለም። የጅማን ዝናብና ቀይ አፈር የሚያውቅ ሰው እዚያ ላይ ምን እንደሚከማች ያውቃል። ከጭቃው ሥር ደግሞ ዝገት አለ።

ውሃ፣ ናፍጣ የነካ ጨርቅ፣ ለስለስ ያለ የሽቦ ብሩሽ እና የእጅ ባትሪ ይዘው ይሂዱ። በግራይንደር ወይም በመፋቂያ አይንኩት። ጥልቀት የሌለው ቁጥር አብሮ ይጠፋል፣ በኋላም «ተነካክቷል» ሲባል የነካካው የእርስዎ እጅ ይሆናል። ባትሪውን ፊት ለፊት ሳይሆን ከጎን ያብሩት፤ ጥላው ቁጥሩን ያወጣዋል። ከዚያ ስስ ወረቀት አጥብቀው ይለጥፉበትና በእርሳስ ጎን ቀስ ብለው ይሹት። ወረቀቱ ላይ የሚወጣው ቅርጽ ከስልክ ፎቶ ይልቅ ብዙ ነገር ያሳያል።

ፋብሪካ የመታው ቁጥር መስመሩም፣ በፊደሎቹ መካከል ያለው ርቀትም፣ የፊደሎቹ ቅርጽም አንድ ወጥ ነው። አንዱ ቁጥር ብቻ ጠልቆ፣ ዘሞ ወይም ቅርጹ ተለይቶ ከታየ ይጠርጥሩ። አካባቢው ሁሉ አርጅቶ በቁጥሩ ዙሪያ ብቻ አዲስ ቀለም ካለም እንደዚሁ ነው። ስቱኮ ወይም የግራይንደር ጭረት ካዩ እዚያው ቆም ይበሉ።

ብረቱን ከጀርባውም በእጅዎ ይዳስሱ። ቁጥሩ ያለበት ቁራጭ ከሌላ መኪና ተቆርጦ ከተበየደ ከፊት በኩል በቀለም ይሸፈናል፤ ከኋላ ግን ብየዳው ብዙ ጊዜ ይቀራል። ብየዳ ማየት ብቻውን ወንጀል አያሳይም። ብዙ ለመጫን ተብሎ ሻንሲው የረዘመ መኪና እኛ አገር አዲስ ነገር አይደለም። የማስረዘሚያ ብየዳ የሚገኘው ከጋቢናው ኋላ፣ በፊትና በኋላ ጎማ መካከል ነው። ቁጥሩን ዙሪያውን የሚከብ ብየዳ ግን ምንም ማብራሪያ ቢቀርብለት አልቀበለውም፤ እርስዎም አይቀበሉት።

በትንሿ ላሜራ መተማመን

ጋቢናው ውስጥ ወይም በሩ ጥግ ላይ በሪቬት የታሰረች ትንሽ ላሜራ አለች። ንጹሕ ስለሆነችና ቆመው ስለሚያነቧት ትማርካለች። ነገር ግን ሪቬት ይፈታል። ጋቢናም ራሱ ይቀየራል። ተገልብጦ የነበረ መኪና የሌላ መኪና ጋቢና ሲጫንለት ላሜራዋ አብራ ትመጣለች፤ ማንም ሊያታልል ሳያስብ ሁለት ቁጥር ያለው መኪና ይፈጠራል። ላሜራዋን ያንብቡ፣ ይጻፉ፣ ግን የሚወስነው ሻንሲው ላይ የተመታው ነው።

ሁሉም ቁጥር 17 መሆን አለበት ብሎ መደምደም

17 ፊደልና አሃዝ ያለው ዓለም አቀፍ አጻጻፍ የመጣው እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻ ነው። ከዚያ በፊት የተሠራ ፊያት ኤንትሬ አጭር ቁጥር ቢኖረው ትክክል ነው። ለጃፓን የአገር ውስጥ ገበያ ተሠርተው ወደ እኛ የመጡ መኪኖችም 17 የላቸውም። የሞዴሉ መለያ ይቀድማል፣ ከዚያ ሰረዝና ተከታታይ ቁጥር ይመጣል። አዲስ የአውሮፓ ወይም የቻይና መኪና ላይ ግን 16 ወይም 18 ሆኖ ከቆጠሩት አንድ ችግር አለ።

17 ባለበት ቁጥር ውስጥ ኦ፣ አይ እና ኪው የሚባሉት የእንግሊዝኛ ፊደላት በፍጹም አይገቡም፤ ከ0 እና ከ1 ጋር እንዳይምታቱ ተብሎ ነው። ሊብሬው ላይ ኦ ካዩ ምናልባት የጸሐፊ ስህተት ነው። ቢሆንም ስም ሲያዛውሩ ጣጣው የእርስዎ ይሆናልና ከክፍያ በፊት ሻጩ ያስተካክለው።

የመጀመሪያዎቹ ሦስት ፊደላት አምራቹን ይናገራሉ። ሲኖትራክ በኤል ዜድ ዜድ፣ ኢቬኮ በአብዛኛው በዜድ ሲ ኤፍ፣ መርሰዲስ ብዙ ጊዜ በደብልዩ ዲ ቢ ይጀምራሉ። የቻይና መኪና ላይ ደግሞ ሁለት ቦታ ይመልከቱ። 9ኛው የቁጥሩ ትክክለኛነት ማረጋገጫ ነው፤ ከ0 እስከ 9 ወይም ኤክስ ብቻ ይሆናል፣ ሌላ ፊደል ከተቀመጠ ቁጥሩ ትክክል አይደለም። 10ኛው ዓመቱን በፈረንጅ አቆጣጠር ያሳያል፦ ኤ 2010፣ ቢ 2011፣ ሲ 2012፣ ዲ 2013 እያለ ይሄዳል። የአውሮፓ አምራቾች ሁሉ ይህን ስለማይከተሉ ለእነሱ አይጠቀሙበት።

ዓመት ከተነሳ አይቀር፣ ሻጭ «የ2012 ነው» ሲል በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ ይጠይቁ። በእኛ 2012 የተገዛ መኪና በፈረንጅ 2012 የተሠራ ሊሆን ይችላል፤ መካከሉ የሰባት ስምንት ዓመት ልዩነት አለ።

የሞተር ቁጥሩን መዝለል

ብዙ ዓመት ጅማ አዲስ አበባ የተመላለሰ መኪና ሞተሩ ተቀይሮ ቢገኝ አይግረምዎ። መቀየሩ ጥፋት አይደለም። ጥፋቱ ወረቀት የሌለው ሞተር ነው። ብሎኩ ላይ የተመታውን ቁጥር ፈልገው ያንብቡ። ከሊብሬው ከተለየ የሞተሩን መግዣ ደረሰኝና ዲክላራሲዮን (የጉምሩክ ሰነድ) ይጠይቁ፣ ለውጡም ሊብሬው ላይ ይመዝገብ። «ስም ሲዛወር አብረን እናስተካክላለን» የሚለውን እሺ አይበሉ። ገንዘቡን ከተቀበለ በኋላ ሻጩ የሚቸኩልበት ምክንያት የለም።

ፋይሉን ሳያዩ መክፈል

የተሽከርካሪ ምዝገባ የሚመራው በአዋጅ ቁጥር 681/2002 ነው። የመኪናው ፋይል የሚገኘው ታርጋው በተመዘገበበት ቢሮ ነው። የአዲስ አበባ ታርጋ ያለውን መኪና ጅማ ላይ ሲገዙ ፋይሉ አዲስ አበባ ነውና ሰው ይላኩ ወይም ራስዎ ይሂዱ። ብረቱ፣ ሊብሬው፣ ፋይሉና ዲክላራሲዮኑ አራቱም አንድ ቁጥር መናገር አለባቸው። በዚያው የባንክ እዳና የፍርድ ቤት እገዳ እንዳለ፣ መኪናውም ከቀረጥ ነፃ የገባ እንደሆነ ያጣሩ። ሻጩ ባለ ውክልና ከሆነ ውክልናው ላይም ቁጥሩ በትክክል ይስፈር፤ ወካዩ በሕይወት መኖሩንም ይጠይቁ፣ ወካዩ ሲሞት ውክልናው በሕግ ይቀራልና።

በቅናሽ መታለል

ቁጥሩ አልገጥም ሲል ደላላው «ጋሼ፣ ይህ እኮ የጽሕፈት ስህተት ነው፣ ትንሽ ላስቀንስልዎ» ማለቱ አይቀርም። የጽሕፈት ስህተት ከሆነ ሻጩ ቢሮ ሄዶ ያስተካክለው፣ ከዚያ በሙሉ ዋጋው ይግዙት። ማስተካከል ካልፈለገ የቀነሰልዎት ገንዘብ ምን እንደሚገዛልዎት አይታየኝም።

ተስማምተው ውል ወደ መጻፍ ሲደርሱ፣ ጸሐፊው ቁጥሩን ከሊብሬው ሊገለብጥ ሲል ያስቁሙት። በእርሳስ ካነሱት ወረቀት ላይ አንድ በአንድ እያነበቡ የሻንሲውንም የሞተሩንም ያስጽፉት። ተሳቢ ካለው ተሳቢው የራሱ ሻንሲ ቁጥር፣ የራሱ ታርጋና የራሱ ሊብሬ አለውና ሥራው ከመጀመሪያው ጀምሮ ለእሱም ይደገማል።