ቀዬው የተመለሰ ሰው ውጭ ላለ ዘመዱ ሲጽፍ

በሰሜኑ ጦርነት ተፈናቅለው ወደ ወሎ ወይም ዋግ ኽምራ ከተመለሱ፣ አሜሪካ ወይም ዓረብ አገር ላለ ዘመድ ከመጻፍዎ በፊት አንድ ነገር ይለዩ፦ እሱ ያልሰማው ሞት አለ? ካለ በቴሌግራም አይጻፉት። መርዶ በማለዳ፣ ሰው ተሰብስቦ፣ በአፍ የሚነገር ነው። እዚያው ከተማ ያለ የአገር ልጅ ወይም የማኅበር ጓደኛ ፈልገው ይንገሩ፤ ማርዳታቸውን ሲያሳውቁዎት ያኔ ይጻፉ። እስከዚያ «ሁሉም ደኅና ነው» ማለት ኋላ ያስቀይማል፤ ዝምታ ይሻላል።

ስለ ቤቱ «ወድሟል» ብቻ አይበቃም። ግድግዳው ቆሟል? ማገሩ ተቃጥሏል? ቆርቆሮው ተነቅሏል? ከአራቱም ማዕዘን ፎቶ ያንሱ። የቆርቆሮውን ብዛት አናጢ ሳይለካ አይጻፉ። በወለሉ ስፋት ካሰሉት ያጥርዎታል፤ ጣሪያው ተዳፋት ነው፣ ከግድግዳውም አልፎ ይወጣል፣ ቆርቆሮውም ሲደራረብ ይበላል። ዋጋውን ከጠየቁበት ቀን ጋር ያስፍሩ፤ ብሩ ዘግይቶ ሲደርስ ጭማሪው ሐሜት አያመጣም።

ግንቦት ላይ ከሆኑ ከቆርቆሮ በፊት ዘርና በሬ ይጠይቁ። ክረምቱ በሸራም ያልፋል፤ የሐምሌ ጤፍ ካመለጠ ግን እስከ ከርሞ ነው። ማሳው ላይ ያልፈነዳ ተተኳሽ ካዩ አይንኩት፤ ራቅ ብለው ለቀበሌው ይንገሩ። እስኪነሳ ድረስ «ዘንድሮ አርሳለሁ» ብለው ቃል አይግቡ።

መታወቂያዎ ተቃጥሎ ከሆነ ሐዋላ ከመጠየቅዎ በፊት አዲስ ያውጡ። ከዚያ ፎቶውን ይላኩ፤ በእንግሊዝኛ ፊደል የተጻፈው ስም አንድ ፊደል ከተለየ ባንኩ ላይከፍል ይችላል።