ቴምዝ ላይ ሞተራችን ለምን ይግል ነበር?

እንግሊዝ ውስጥ ኦክስፎርድ ቦይ (ለጀልባ የተቆፈረ የውሃ መንገድ) ላይ የናሮውቦታችን፣ ማለትም የጠባቧና ረጅሟ ጀልባችን፣ ሞተር ሰላም ነበር። ከቦዩ ወጥተን በቴምዝ ወንዝ ፍሰቱን እየታገልን ሽቅብ ወደ ሌችሌድ ከተማ ስናቀና ግን የሙቀት ጠቋሚው ቀዩን ይነካ ነበር። ባለቤቴ ቴርሞስታቱን (ሲሞቅ ተከፍቶ የሞተሩን ውሃ የሚያሳልፈውን ክዳን) ጠረጠረች። የፈላ ውሃ ውስጥ ከተትነው፤ በደንብ ተከፈተ። እሱ አይደለም ማለት ነው።

ናሮውቦታችን እንደ መኪና ራዲያተር የለውም። በምትኩ ከጀልባው የብረት ጎን ጋር የተበየደ ጠፍጣፋ ታንከር አለ። የሞተሩ ውሃ እዚያ እየዞረ ሙቀቱን ለወንዙ ያስረክባል። ታንከሩ አናት ላይ አየር ከተያዘ ግን ውሃው የሚነካው ብረት ይቀንሳል። ቦይ ላይ በእግረኛ ፍጥነት ስንሄድ ይህ አይታወቅም። ሞተሩ ሲለፋ ነው ጉዱ የሚወጣው።

መፍትሔው አንዲት ትንሽ ቡሎን ነች። ሞተሩ አድሮ ሲቀዘቅዝ (ትኩስ እያለ መክፈት ቀልድ አይደለም) ታንከሩ አናት ላይ ያለችውን ቡሎን በመፍቻ ትንሽ አላላኋት። አየሩ እያፏጨ ወጣ። ከዚያ ተፍ ተፍ አለ፣ በመጨረሻም ኩላንት (የሞተር ማቀዝቀዣ ፈሳሽ) ያለበት፣ አረፋ የሌለው ሰማያዊ ውሃ መጣ። ቶሎ አጠበቅኩ። ባለቤቴ ኩላንት ከውሃ ቀላቅላ መሙያው ላይ ጨመረች፤ ብዙ ነው የጠጣው! ሞተሩን አሙቀን፣ መልሶ ሲቀዘቅዝ ደግመን አስተነፈስነው። ትንሽ አየር ሁሌም ይቀራል።

አሁን ሽቅብ ስንወጣም ጠቋሚው መሃል ላይ ነው። በነገራችን ላይ ወንዝ ላይ መልሕቁ ከነሰንሰለቱ ዝግጁ ይሁን። ቦይ ላይ ሞተር ቢጠፋ ዳር ይዞ ቡና ማፍላት ነው፤ ወንዝ ላይ ግን ውሃው ወደ ግድቡ ይዟችሁ ይሄዳል።