እንግሊዝ ለምትኖሩ፦ የእናታችሁን የእንክብካቤ ገንዘብ ራሳቸው ይዘዙበት

ካውንስሉ ለእናታችሁ ተንከባካቢ ይልካል። ዛሬ አንዷ ትመጣለች፣ ነገ ሌላዋ፤ ቋንቋ አይግባቡም። ይህን ግን ዝም ብላችሁ መቀበል የለባችሁም። በ2014 የወጣው ኬር አክት የሚባለው ሕግ፣ ገንዘቡን እናታችሁ ተቀብለው ተንከባካቢያቸውን ራሳቸው እንዲመርጡ ይፈቅዳል። ዳይሬክት ፔይመንት ይባላል። ስሙን ጠርታችሁ ጠይቁ።

መጀመሪያ ወደ ካውንስሉ ደውላችሁ ምን ዓይነት እንክብካቤ እንደሚያስፈልጋቸው ግምገማ እንዲደረግላቸው ጠይቁ፤ አይከፈልበትም። ሁሉም ነገር የሚወሰነው እዚህ ጋ ነው። ሶሻል ወርከሯ «እንዴት ነዎት?» ስትል የእኛ እናቶች «ተመስገን፣ ደህና ነኝ» ይላሉ፤ ወገባቸውን ይዘው ሻይ ሊያፈሉም ይነሳሉ። እሷ ደግሞ ያየችውንና የሰማችውን ትጽፋለች። ስለዚህ ከቀጠሮው በፊት አንድ ሳምንት ሙሉ ማስታወሻ ያዙ፦ ሌሊት ስንቴ ተነሱ፣ ሲታጠቡ ማን ደገፋቸው፣ መድኃኒት ስንቴ ተረሳ፣ ቤተ ክርስቲያን ከሄዱ ስንት ጊዜ ሆናቸው። የመጨረሻውን እንዳትተዉት፤ ከሰው ጋር መገናኘትም በሕጉ ይቆጠራል። አስተርጓሚም ጠይቁ። ልጅ ሲያስተረጉም እናት የምታፍርበት ነገር ተደብቆ ይቀራል።

ከዚያ ካውንስሉ ገቢና ቁጠባቸውን ያያል። ከ23,250 ፓውንድ በላይ ቁጠባ ካላቸው በአብዛኛው ወጪውን ራሳቸው ይሸፍናሉ። ካልሆነ ፐርሰናል በጀት የሚባለው፣ ማለትም ለእንክብካቤያቸው የተመደበው ገንዘብ፣ ይነገራችኋል። ያኔ ሒሳብ ሥሩ። ገንዘቡ የተፈቀደውን ሰዓት በአካባቢያችሁ ዋጋ የማይገዛ ከሆነ እንዲታይላችሁ በጽሑፍ አመልክቱ፤ በጀቱ የተገመገመውን ፍላጎት መሸፈን አለበት።

አማርኛ የምትናገር፣ ሽሮ መሥራት የምትችል፣ እሑድ ቤተ ክርስቲያን የምታደርሳቸው ሴት መቅጠር ትችላላችሁ። አብሯቸው የሚኖር የቅርብ ዘመድን ግን ካውንስሉ የግድ ነው ብሎ ካልፈቀደ በዚህ ገንዘብ መክፈል አይቻልም። ሌላ ቤት የምትኖር የእህት ልጅ ትቀጠራለች። የሥራ ፈቃዷን አስቀድማችሁ እዩ።

አንድ ነገር ልብ በሉ፤ ሰው ስትቀጥሩ አሠሪ ትሆናላችሁ። ከዝቅተኛው ደመወዝ በታች አይከፈልም፣ የዓመት እረፍት አለ፣ ግብር አለ፣ የአሠሪ ኢንሹራንስም መግባት ግዴታ ነው። ይህ ሁሉ ወጪ በጀቱ ውስጥ መኖሩን ሳታረጋግጡ አትፈርሙ። የደመወዙን ወረቀት የሚሠራላችሁ ድርጅት ካለም ካውንስሉን ጠይቁ።

ገንዘቡ ከቤት ወጪ ጋር እንዳይቀላቀል ለብቻው አካውንት ይኑረው፣ ደረሰኝ አትጣሉ። ወረቀቱ ከከበዳቸው እሳቸው የመረጡት ሰው ሊይዝላቸው ይችላል። ተንከባካቢዋ ስትታመም ማን እንደሚተካትም ገና ከመጀመሪያው ተነጋገሩ።